መስኮት ከፍቶ ለማደር፦ ሳቢያን ላይ የመስኮት ብረት ያሠራሁበት መንገድ

ድሬዳዋ ውስጥ የመስኮት ብረት ነገር ከሌባም በፊት የሙቀት ነገር ነው። ደጋ የሚኖር ሰው ማታ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። እኛ ግን በተለይ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዘግተን መተኛት አይሆንልንም። የብሎኬት ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲተፋ ያድራል፤ መስኮት ካልተከፈተ እንቅልፍ የለም። ስለዚህ እዚህ ከተማ ብረት የሚያሠራ ሰው ሌባ እንዳይገባ ብቻ ሳይሆን መስኮቱን ከፍቶ፣ ልቡ ሳይሰቀል እንዲያድር ጭምር ማሰብ አለበት። ሳቢያን ሰፈር ላለው ቤታችን ብረት ሳሠራ ሁሉንም ነገር የወሰንኩት ይህንን ይዤ ነው። አብራኝ የምትኖረው እናቴ እርጅና ላይ ናት፤ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም። እሷም በሐሳቤ ውስጥ ነበረች።

ከማዘዜ በፊት በየሰፈሩ እየዞርኩ የሰው መስኮት ተመለከትኩ። ከሁሉ የማረከኝ ከዚራ ነው። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲዱ ጋር ስትቆረቆር የተጀመረው የአሠራር ወግ እዚያ ዛሬም ይታያል፦ ረጃጅም መስኮቶች፣ አየር የሚያሳልፉ የእንጨት መዝጊያዎች፣ ብረት ያላቸው ላይ ደግሞ ቀጥ ብለው የቆሙ ዘንጎች። ምንም ጌጥ የለም። አዳዲሶቹ ቤቶች ላይ ግን አበባ፣ ፀሐይ፣ ልብ፣ የማይቀረጽ ነገር የለም። ጌጥ አልጠላም፤ ነገር ግን ቀረብ ብዬ ሳይ በብዙዎቹ ላይ አበባው ሲጠማዘዝ በጎኑ ሰፊ ክፍተት ይተዋል። አግድም የተደረደሩት ዘንጎች ደግሞ ወደ ፎቁ ወይም ወደ ጣሪያው ለሚወጣ ሰው ጥሩ መሰላል ናቸው። ቀጥ ያለ ዘንግ እግር ማሳረፊያ አይሰጥም፤ ብርሃንም አይጋርድም። እናቴ «ልጄ፣ ቤቴን እስር ቤት እንዳታደርጊብኝ» ብላኝ ስለነበር የብርሃኑ ጉዳይ ቀላል አልነበረም።

ብረቱን በተመለከተ ገበያው ላይ ሦስት ምርጫ ነበረኝ። የመጀመሪያው ቱቦላሬ ነው። ቀላል፣ ቀጥ ያለ፣ ሲቀባ የሚያምር፣ ብዙ ሰው የሚያሠራውም እሱን ነው። ችግሩ ውስጡ ባዶ መሆኑ ነው። የግድግዳው ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ በእጅ መጋዝ ብዙ አይታገልም፤ በመቀጥቀጥም ይጣመማል። ሁለተኛው ፌሮ፣ ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ብረት ነው። ጠንካራ ነው፤ በየግንባታው ቁራጩ ይገኛል። ነገር ግን ገላው ሸካራ ስለሆነ የድሬን አቧራ በየጎድጓዳው ይይዛል፤ ቀለሙም እኩል አይዳረስለትም። ሦስተኛው ለስላሳ ድፍን ክብ ብረት ነው፤ እኔም ባለ 12 ሚሊ ሜትሩን መረጥኩ። ለዙሪያው ፍሬምና ለአግድም ማሰሪያው ደግሞ 40 በ5 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ብረት።

እዚህ ላይ ማንም ብረት የሚገዛ ሰው ቢያውቀው የምወደው ነገር አለ፦ ውፍረትን በዓይን ማመን አይገባም፤ ሚዛን ላይ ማውጣት ነው። አንድ የብረት መደብር ውስጥ ለኩሽና መደርደሪያ የሚሆን 20 በ20 ቱቦላሬ ስጠይቅ «ባለ 1.5 ነው» ተባልኩ። 6 ሜትር የሆነ አንድ ቤርጋ ባለ 1.5 ከሆነ ከ5 ኪሎ በላይ መመዘን አለበት፤ ባለ 1 ከሆነ ግን 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ሲመዘን ሦስት ተኩል ላይ ቆመ። አልተጨቃጨቅኩም፤ ትቼው ወጣሁ። ድፍኑን የገዛሁት ሳልጠይቀው ራሱ ሚዛን ላይ ካወጣልኝ ሌላ ነጋዴ ነው። ባለ 12 ክብ ብረት በሜትር 890 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይህን አንድ ቁጥር የያዘ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

ሒሳቡም ያን ያህል ከባድ አይደለም። መኝታ ቤታችን መስኮት 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ20 ነው። ዘንጎቹ ከመሃል እስከ መሃል 10 ሳንቲ ሜትር ሲራራቁ 11 ዘንግ ያስፈልጋል፤ 13 ሜትር ከ20 ማለት ነው። ፍሬሙና ሁለቱ አግድሞች ሲጨመሩ ለአንድ መስኮት ወደ 23 ኪሎ ብረት ይገባል። 10 ሳንቲ ሜትር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሕፃን ልጅ ጭንቅላት እንዳያልፍ የሚጠበቀው ልክ ነው። የእህቴ ልጆች ለእረፍት ሲመጡ መስኮት ላይ ነው የሚውሉት። አግድሞቹ ሁለት የሆኑት ደግሞ ሌባ የመኪና ክሪክ በሁለት ዘንግ መካከል አስገብቶ መፈልቀቅ ስለሚችል ነው። ዘንጉ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ከታሰረ ያ ዘዴ በጣም ይከብደዋል።

በያጆች ብዙውን ጊዜ ዋጋ የሚናገሩት በካሬ ሜትር፣ ብረቱን ጨምረው ነው። ለሚያሠራው ሰው ይህ ጥሩ አይመስለኝም፤ ዋጋው በካሬ ከተቆረጠ ብረቱ በቀጠነ ቁጥር ትርፉ የሠሪው ነው። እኔ ብረቱን ራሴ ገዝቼ የእጅ ዋጋ ብቻ ተዋዋልኩ። ሲሶውን ቀብድ፣ ሲሶውን ብረቱ ተሠርቶ ቀለም ሳይነካው ሳየው፣ የቀረውን ደግሞ ግድግዳው ላይ ቆሞ ሲያልቅ። «ቀለም ሳይነካው» የሚለውን ውል አጥብቄ እመክራለሁ። የብየዳ ጉድለት የሚደበቀው ከቀለም ሥር ነውና። በያጁ ጠፍጣፋውን ብረት በስቶ ዘንጎቹን በቀዳዳው አሳለፋቸው፤ ከዚያም መገናኛውን ዙሪያውን በየደው። ዘንጉን ከላይ አስደግፎ በአንድ ነጥብ ነካ አድርጎ ከመተው ጋር አይወዳደርም፤ እንዲህ ያለውን በብረት ዘንግ አንዴ ፈንቀል ቢያደርጉት ይላቀቃል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልቤ ያለበት ነገር ላይ ደረስኩ። የማይከፈት ብረት የመኝታ ቤት መስኮት ላይ መደረግ የለበትም። ኩሽና ውስጥ ሲሊንደር አለ፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ አለ፣ የቤቱ በር ደግሞ አንድ ነው። እሳቱ በበሩ በኩል ከሆነ ሰው ወዴት ይወጣል? በዚህች ከተማ ደግሞ እሳት ብቻ አይደለም የሚያሰጋው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ሰዉ በተኛበት ነበር። እናቴ ያን ሌሊት ስታነሳ ዛሬም ድምፅዋ ይለወጣል። እኛ ከወንዙ ርቀን ነው ያለነው፤ ሆኖም በሌሊት ከቤት መውጣት ግድ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ የድሬ ሰው ሊነገረው አይገባም።

ስለዚህ በሁለቱም መኝታ ቤቶች የብረቱ አንድ ክፍል እንደ በር ይከፈታል፤ ስፋቱ 60፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ማጠፊያዎቹ በውስጥ በኩል ናቸው። የማጠፊያው እምብርት ወደ ላይ ተነቅሎ እንዳይወጣ ጫፉ በብየዳ ተዘግቷል። ጓጉንቸሩ የሚገባበትን ቦታ በያጁ በላሜራ ሸፈነው፤ ከውጭ እጅ ቢገባም ጓጉንቸሩን አያገኘውም፤ መቁረጫም አይደርስበትም። ቁልፉ የሚሰቀለው ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ ከአልጋው ራስጌ አጠገብ ባለ ሚስማር ላይ ነው። ከውጭ በእንጨት ለመሳብ የሚያስቸግር፣ ከአልጋ ለሚነሳ ሰው ግን እጅ ዘርግቶ የሚነካው ቦታ ነው።

በያጁን በጣም ያከበርኩት ሥራው ባለቀበት ቀን ነው። ገንዘቡን ልቆጥርለት ስል «ቆይ እህቴ» አለኝና ወደ እናቴ ዞረ። «እማማ፣ ነይ እስቲ አንቺ ራስሽ ክፈቺው። ዓይንሽን ጨፍነሽ።» እናቴ በዳበሳ ቁልፉን አገኘች፤ ጓጉንቸሩን ከፈተች፤ መቀርቀሪያው ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ አልችል አለ። መቀርቀሪያው አዲስና ጠባብ ነበር። በያጁ አንድም ቃል ሳይናገር ነቅሎ ወሰደው፤ በማግስቱ ረዘም ያለ እጀታ በይዶበት መጣ። ሁለተኛ ሲሞከር በአንድ እጇ ሳበችው። እኔ ሺህ ጊዜ ብፈትሸው ያን ጉድለት አላገኘውም ነበር፤ የእኔ ጣት ጤነኛ ነውና። ብረት የምታሠሩ ሁሉ፣ በቤታችሁ ውስጥ ጉልበቱ ከሁሉ የደከመው ሰው ይሞክረው።

ወደ መትከሉ ልመለስ። የብረት ጥንካሬ ግማሹ ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው። የእኛ ግድግዳ እንደ አብዛኛው የሳቢያን ቤት ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ሆዱ ባዶ ነው። በፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ የፕላስቲክ መሰኪያ) እና በቡሎን የታሰረ ብረት ብሎኬት ላይ በዲጂኖ ሲፈነቀል ከነ ልስኑ ይወጣል። እኛ ቀዳዳዎቹን ሰፋ አድርገን ከፈትን፤ የብሎኬቱን ሆድ በጠጠርና በሲሚንቶ ሞላነው፤ የፍሬሙን እግሮች እዚያ ውስጥ ቀበርን። እያንዳንዱ እግር ጫፉ ለሁለት ተሰንጥቆ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ቢሳብ አይመጣም። በአንድ መስኮት ስምንት እግር ነው ያስገባነው። የሚቀበረው ክፍል ቀለም አይቀባም፤ ሲሚንቶው ባዶውን ብረት ነው በደንብ የሚይዘው።

የድሬ ፀሐይ ሲሚንቶን ከውጭ አድርቆ ውስጡን ደካማ ያደርገዋል። ግንበኛው «ነገ ይደርቃል» ቢልም እርጥብ ጆንያ ሸፍኜበት ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁት። መስኮታችን ወደ ውጭ የሚከፈት ስለሆነ ብረቱ የቆመው በውስጥ በኩል ነው። የሚንሸራተት አሉሚኒየም ያለው ሰው ወደ ውጭም ሊያደርገው ይችላል፤ ያኔ ግን ከውጭ የሚፈታ አንድም ቡሎን መኖር የለበትም።

ብረት የማያቆመው ሌባም አለ። ከረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ሜንጦ አስሮ በተከፈተ መስኮት ልብስና ቦርሳ የሚስበው ነው። ወንፊት የተጨመረው ለዚህ ነው፤ ለትንኝም ጭምር። ዴንጊ በ2006 ዓ.ም.፣ ቺኩንጉኒያ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋን እንዴት እንዳስተኟት የማያስታውስ የለም፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትነድፍ ናት። አልጋ ላይ የሚሰቀል አጎበር ቀን ቀን አያገለግልም፤ የመስኮት ወንፊት ግን ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል። ወንፊቱን በእንጨት ፍሬም ወጥሬ ከብረቱ በስተውስጥ አቆምኩት። ፍሬሙን በዚያው በመኝታ ቤቱ የብረት በር ልክ ለሁለት ከፍዬዋለሁ፤ የሚከፈተው ብረት ፊት ያለው ክፍል በእጅ ገፋ ሲደረግ ይነሳል። መውጫውን ወንፊት ከዘጋው ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። አቧራ ስለሚደፍነው በየጊዜው ተነስቶ ይታጠባል፤ አቧራ የያዘ ወንፊት ነፋስ አያስገባም።

ቀለሙን በአጭሩ ልናገር። የብየዳው ቅርፊት በመዶሻ ይራገፋል፤ በሽቦ ብሩሽ ይጠራል፤ ሁለት ዙር አንቲረስት (ዝገት መከላከያ)፣ ከዚያ ቀለም። የምንቀባው በማለዳ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ብረቱ ሲግል ቀለሙ ሳይዳረስ ይደርቃል። ነጭ ቀለም መረጥኩ፤ ወደ ምዕራብ የዞረው መስኮት ላይ ጥቁር ብረት ከሰዓት በኋላ እጅ ያቃጥላል።

ጎረቤቶቼ አይተው «የእኛማ አንዴ ተተክሏል፣ ምን እናድርገው?» ሲሉኝ የምመልስላቸው አለኝ። ነባሩን ብረት መንቀል አያስፈልግም። አግድም ማሰሪያው ካለበት ጀምሮ ሰው የሚያሳልፍ ያህል ተቆርጦ ይወጣል፤ በቁርጡ ዙሪያ ጠፍጣፋ ብረት ይበየዳል፤ የወጣው ክፍል በማጠፊያ ተመልሶ በር ይሆናል። ጄኔሬተር ይዞ የሚመጣ በያጅ ካለ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መጋረጃው ይውረድ፣ አልጋው ከመስኮቱ ይራቅ፣ አንድ ባልዲ ውሃ አጠገብ ይቀመጥ፤ የብየዳና የመቁረጫ ፍንጣሪ ፍራሽ ውስጥ ገብቶ ሳይታይ ቆይቶ ሊነድ ይችላል። ለመጀመር ደግሞ አዛውንቶችና ልጆች የሚተኙበት ክፍል ይቅደም፤ ሳሎኑ ሊቆይ ይችላል።