ዝርዝሩ ውስጥ አክስት የለችም

እትዬ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። የወንድሟ ልጆች ናቸው። እናታቸው ትንሹ ገና ዳዴ ሲል አረፈች። አባታቸው፣ አጎቴ፣ መምህር ነበር፤ ታሞ ብዙም ሳይቆይ ተከተላት። ከለቅሶው በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ ማን ማንን ይውሰድ ሲባባል፣ እትዬ "እነዚህን ልጆች አንለያያቸውም" አለችና ሁለቱንም ይዛ መንዝ ገባች። እሷም ባሏን ከቀበረች ቆይታለች። የምትተዳደረው በገብስ ማሳዋ፣ በጥቂት በጎቿና ፈትላ በምትሸጠው የበግ ጠጉር ነው።

ማንም አላዘዛትም። ምን እናግዝሽ ብሎ የጠየቃትም የለም። ሰሞኑን ሆዴን የሚበላኝ ይኼ ሁለተኛው ነገር ነው።

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የቢሮ ጉዳይ ሲኖር ከእትዬ ጋር የምሮጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ መንግሥት የዘመድ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ምን እንደሚያደርግ፣ ምንስ እንደማያደርግ፣ ከካቻምና ወዲህ በቅርብ አይቻለሁ።

የጀመርነው በጡረታ ነው። አጎቴ ከ10 ዓመት በላይ አገልግሏል። ከዚያ በታች ቢሆን ኖሮ ለቤተሰቡ የሚደርሰው አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ዳረጎት ነበር። 10 ዓመት ካለፈ ግን ተተኪዎቹ በየወሩ ያገኛሉ። ለሚስት ወይም ለባል የሟቹ ጡረታ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይታሰባል። እናትም አባትም ለሞቱበት ልጅ ከፍ ይላል። ጤነኛ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ይቆምበታል። ሟቹ ይጦራቸው የነበሩ ወላጆችም ድርሻ አላቸው። ዝርዝሩ እዚያ ላይ ያበቃል። የሟች እህት፣ የልጆቹ አክስት፣ የለችም። እትዬ በዚያ ወረቀት ላይ የምትታየው ገንዘቡን በልጆቹ ስም የምትቀበል ሰው ሆና ብቻ ነው።

ገንዘቡ የልጆቹ መሆኑን አልቃወምም። እንዲያ መሆኑ ልጆቹን ይጠብቃቸዋል። ደግሞ አባታቸው መምህር ስለነበረ ነው ይቺም የተገኘችው። ገበሬ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ገበያ ለገበያ የሚዞር ነጋዴ ቢሆን ኖሮ፣ የሚጠየቅ ጡረታም የለም። መንዝ ውስጥ ወላጅ አልባ ልጅ የሚያሳድገው አብዛኛው ሰው ያለው በዚህ ወገን ነው።

ያቺን ጡረታ ለመቀበል ታዲያ እትዬ መጀመሪያ የሞግዚትነት ውሳኔ ከፍርድ ቤት ማውጣት ነበረባት። ለውሳኔው የሞት ማስረጃ፣ የልጆቹ የልደት ሰርተፍኬት፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ፎቶና ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ትልቋ የተወለደችው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ እሱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ሰርተፍኬት አልነበራትም። ሰርተፍኬቱን ለማውጣት ደግሞ "አሳዳጊዋ መሆንሽን አምጪ" ተባለች። አሳዳጊ ለመባል ሰርተፍኬት፣ ሰርተፍኬት ለማግኘት አሳዳጊነት። እትዬ ከመንዝ ተነስታ በመዘዞ አድርጋ ጣርማበር ትወጣለች፤ ከዚያ ደብረ ብርሃን። መንገዱ ዛሬ ሰላም ነው ወይ ተብሎ ሳይጠየቅ አይወጣም። የመኪናውንም የፎቶ ኮፒውንም የምትከፍለው በግ ሸጣ ነው።

አንዱ ቢሮ ውስጥ አንድ ሠራተኛ እንዲህ አለን፦ "እናንተ ዘመድ ናችሁ። ማሳደጉ ግዴታችሁ አይደል?"

ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀታችንን ቶሎ የጨረሰልንም እሱ ነው። ነገር ግን ንግግሩ አልለቀቀኝም፤ ብዙ ሰው ልቡ ውስጥ ያለው ይኼው ነውና። ማታ ቤት ገብቼ የቤተሰብ ሕጉን አነበብኩ። ቀለብ የመስጠት ግዴታ የተጣለው በወላጅና በተወላጅ እንዲሁም በወንድምና በእህት መካከል ነው። አክስት እዚያ ውስጥ የለችም። ወደ አሳዳሪነትና ሞግዚትነት ስትመጡ ግን አለች። ወላጆች ከሌሉ አያቶች፣ እነሱ ከሌሉ አካለ መጠን ያደረሱ ወንድምና እህት፣ እነሱም ከሌሉ አጎትና አክስት ይላል። ሕጉ እትዬን ያውቃታል ማለት ነው። የሚያውቃት ግን ኃላፊነቱን ሲሰጣት ነው። እርዳታው ሲታደል ስሟ አይጠራም።

ከጡረታው ጎን ለጎን ሴፍቲኔት ሞከርን። ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ መንዝ ውስጥ ስሙን የማያውቅ የለም። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠግናል፤ በዓመት ለ6 ወር ይከፈለዋል። ጉልበት የሌለበት ቤት፣ ማለትም አረጋዊ ብቻውን የሚኖርበት ወይም በአካል ጉዳትና በጽኑ ሕመም መሥራት ያልተቻለበት ቤት፣ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል፤ እሱ 12ቱንም ወር ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለጊዜው ከጉልበት ሥራው ትወጣና በቀጥታ ድጋፍ ትያዛለች። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የምታስታምም ሴትም እንዲሁ።

ይቺን የመጨረሻዋን ሳውቅ ልቤ ሞቅ አለ። አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ሰው፣ ልጅ መንከባከብ ራሱ ሥራ ነው ብሎ በመመሪያ አስፍሯል ማለት ነው። እርከን ከመካብ እኩል ቆጥሮታል። ግን ሕፃኑ ሲያገግም ያበቃል፤ ከ5 ዓመት በላይ ላለ ልጅም አይደርስም።

እትዬ ከየትኛውም አልገባችም። በግ አላት፣ ጉልበት አላት ተባለ። ኮሚቴው ያየው እውነት ነው፤ ከእሷ የባሰ የተቸገረ ጎረቤት አለ፣ ኮታውም ጠባብ ነው። ኮሚቴውን አልወቅስም። የምናገረው ስለ መመዘኛው ነው። መመዘኛው የቤቱን ድህነት ይለካል። ቤቱ ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ እያደገ መሆኑን አይለካም። ልጆቹ ከመጡ ወዲህ እትዬ የምትፈትለው ጠጉር ቀንሷል። ጠዋት ትንሹን አብልታ ትልካለች፤ ማታ ቅዠት ያስነሳዋል፣ አቅፋው ታድራለች። በጎቿም ከዓመት ዓመት እያነሱ ነው፤ አንዱ ለደብተርና ለጫማ፣ አንዱ ለመኪና። አንድ ቀን መመዘኛውን ታሟላለች። ያኔ በጎቹ አልቀዋል። ለምን እስከዚያ እንጠብቃለን?

የጤና መድኑ ግን አግዟታል፣ እሱን ሳልጠቅስ አላልፍም። መዋጮዋን በየዓመቱ ትከፍላለች፣ ልጆቹም ተመዝግበዋል፤ ትንሹ ሳል ሲይዘው ጤና ጣቢያ ትወስደዋለች።

እትዬ ደግሞ ቢያንስ ዘመድ ናት፣ ወረቀትም ተገኘላት። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል በሰው እጅ የገቡ ልጆች አሉ። ደብረ ብርሃንም ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖችን ከተቀበለች ዓመታት አልፈዋል። ከጎረቤት ጋር የመጡ፣ ወላጃቸው የት እንደደረሰ የማይታወቅ ልጆችን አብልተው የሚያሳድሩ ሴቶች አውቃለሁ፤ እነሱ ራሳቸው በእርዳታ ስንዴ የሚኖሩ ናቸው። ለፍርድ ቤት የሚቀርብ የሞት ማስረጃ ከየት ያመጣሉ?

በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ሲከለከል ደስ ካላቸው ሰዎች አንዷ ነኝ። ልጆቻችን ቋንቋቸውንና ወገናቸውን ይዘው እዚሁ ይደጉ የሚለው ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው። ግን እዚሁ ይደጉ ካልን የሚያሳድጋቸውን ሰው ማገዝ የዚያው ውሳኔ ሌላኛው ግማሽ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንን፣ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ልጆችን ይረዳል ብሏል። በተግባር የማየው ግን አሳዳጊ የተገኘ ዕለት ፋይሉ እንደሚዘጋ ነው። እትዬ በሯን ስትከፍት የመንግሥት በር የሚዘጋ ከሆነ፣ በሯን ለሚከፍት ሰው ምን እያልነው ነው?

አውስትራሊያ የምትኖር አብሮ አደጌ አለች፤ የኛው የመንዝ ልጅ። እዚያ ልጅ በአደራ ወስደው የሚያሳድጉ ሰዎች ክልሉ የልጁን ወጪ የሚሸፍን አበል በየሁለት ሳምንቱ እንደሚከፍላቸው አጫወተችኝ። ግብር አይቆረጥበትም። ለልጁ የጤና ካርድ ይሰጣል፤ የአሳዳጊው ገቢ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይጠየቅም። ቀናሁ። ቀጥላ ግን በመንግሥት ትእዛዝ ሳይሆን በቤተሰብ ስምምነት የልጅ ልጆቻቸውን የወሰዱ አያቶች ብዙ ጊዜ ያንን የክልል አበል እንደማያገኙ ነገረችኝ። እዚያም አያቷ "ዘመድ ናት" ተብላ ትታለፋለች ማለት ነው።

እንግሊዝም እንዲሁ ነበር። የታመመ ሰው ለማስታመም ሥራውን ለተወ ሰው አበል የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ያገቡ ሴቶች ግን እስከ 1986 ድረስ አይመለከታቸውም ነበር፤ ድሮም ቤት ነው የሚውሉት ተብሎ። አንዲት እናቷን የምታስታምም ሴት ክስ መሥርታ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሳ ነው የተቀየረው። በገንዘብ ይበልጡናል እንጂ "ሴቷ መቼም ታደርገዋለች" የሚለው ሐሳብ እዚያም ቤት ነበረው።

ሀብታም አገር ስለሆኑ ነው እንዳይባል ኬንያን ልጥቀስ። ኬንያ ወላጅ ያጡ ልጆችን ለሚያሳድጉ ድሃ ቤተሰቦች ጥሬ ገንዘብ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በወር 2,000 ሽልንግ ይታሰባል። ብዙ ገንዘብ አይደለም። ሰበቡ ግን ልጁ ነው፤ ብሩን ተቀብላ የምትፈርመው የምታሳድገው ሴት ናት።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ነገርኩት፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ፊቱ ተለወጠ። "ለወንድሟ ልጅ ደሞዝ ልትቀበል? ነውር ነው። ነገ ሰው ለብሩ ብሎ ልጅ ይሰበስባል" አለኝ።

የጋሼን ስጋት አልንቀውም። "ላስተምራት" ተብለው ከገጠር ከዘመድ ቤት መጥተው ከተማ ውስጥ ሠራተኛ ሆነው የቀሩ ልጆችን ሁላችንም አይተናል። እንጀራ ሲጋግሩ ይውላሉ፤ ደብተራቸው አልጋ ሥር ይቀራል። ዘመድ ሁሉ እትዬ አይደለም። ግን አስቡት። ይህ በደል የሚፈጸመው ዛሬ፣ ምንም ክፍያ በሌለበት ነው። የሚፈጸመውም ማንም ቤቱን አንኳኩቶ "ልጅቷ ትምህርት ቤት ሄደች ወይ?" ስለማይል ነው። ድጋፍ ካለ የሚጎበኝ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ይኖራል፤ ልጁን ለብቻው የሚያናግር፣ ትምህርት ቤት ገብቶ የሚጠይቅ። ብሩና ጉብኝቱ አንድ ላይ መምጣት አለባቸው። ብሩ ብቻ ከሆነ ከጋሼ ጋር እስማማለሁ።

ነውሩን ግን አልቀበልም። እትዬ ልጆቹን የምትወደው ለገንዘብ አይደለም፤ ገንዘብ ብታገኝም ፍቅሯ አይቀንስም። ሐኪም ደሞዝ ስለተቀበለ ለሕመምተኛው አያዝንም አንልም። በነፃ ካልሆነ ፍቅር አይደለም የሚባለው ለምን ሁልጊዜ ለእህት፣ ለአክስትና ለአያት ብቻ ይሆናል? ይህን ስለው ጋሼ ዝም አለ። በሳምንቱ ለትንሹ ጫማ ገዝቶ ላከ። ጥሩ አደረገ፤ ግን የልጅ እድገት በአጎት የጫማ ስጦታ አይዘለቅም።

የሞግዚትነቱ ውሳኔ ባለፈው ወር ወጥቷል። የጡረታው ፋይል ተከፍቷል፣ እየጠበቅን ነው። ትልቋ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ናት፤ የክልሉን ፈተና ትወስዳለች። እትዬ "ካለፈች ትቀጥላለች፣ በግ እስካለ ድረስ" ትላለች።

በእትዬ ቀበሌ የዘመድ ልጅ የሚያሳድጉ ሌሎች ሴቶችም አሉ፤ አብዛኞቹ አያቶች ናቸው። በቀበሌው ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያዋጣበትና የተቸገረ የሚረዳበት የክብካቤ ጥምረት አለ። ለጥምረቱና ለወረዳው አንድ ማመልከቻ በጋራ እንዲያስገቡ ተነጋግረናል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ እያሉኝ። የጠየቅነው ብዙ አይደለም። ወላጅ የሞተበት ልጅ የሚያሳድጉ ቤቶች በቀበሌው ተለይተው በስማቸው ይመዝገቡ። የልጆቹ የልደት ምዝገባ በቀበሌ ምስክርነት ብቻ ያልቅ፣ ፍርድ ቤት አይጠበቅ። ሴፍቲኔት ሲለይ ልጅ ማሳደጉ እንደ ሥራ ይቆጠር፤ ይህ ከወረዳው አቅም በላይ ከሆነ ጥያቄው ተጽፎ ወደ ዞን ይላክ። ባለሙያ በየሦስት ወሩ ቤታቸው ይምጣ። ይቺን የመጨረሻዋን ያስጨመረችው እትዬ ናት። "መጥተው ይዩኝ፣ የምደብቀው የለኝም" ብላ፣ ከሁሉም ቀድማ ፈረመች።