የአርባ አምስት ደቂቃው ነጻ ሥራ፦ ባንድ ለበጎ አድራጎት ምሽት ከማሰለፌ በፊት የምሠራው ሒሳብ

ጥሪው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በሰው በኩል ነው የሚመጣው። የድራመሩ አብሮ አደግ ወይም የድምፃዊዋ ጎረቤት ይደውልና «ለበጎ አድራጎት ነው፤ አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ተጫወቱልን» ይላል። አዲስ አበባ ላይ ባንድ ለሚመራ ሰው ይህ ስልክ በየወሩ ይመጣል። መልሱ በይሉኝታ ከተሰጠ ደግሞ የሚጎዳው መሪው ሳይሆን ከኋላ የቆመው አጃቢ ሙዚቀኛ ነው። አቋሜን ላስቀድም፦ ሙዚቀኛ በነጻ መሥራት ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ምሽት በነጻ የሚሠራው እሱ ብቻ መሆን የለበትም። የሰጠውም ነገር ዋጋው ተጽፎበት በስጦታነት መመዝገብ አለበት። ይህን እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አርባ አምስቱን ደቂቃ ወደ ሰዓት እመነዝረዋለሁ። ባንዱ ስድስት ሰው ነው እንበል፦ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ሊድ ጊታር፣ ድራም፣ ሳክስፎንና ማሲንቆ። ባንዱ የሚያጅበው ድምፃዊ የራሱ ባንድ ከሌለው ቢያንስ ሁለት ልምምድ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በዕለቱ ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራ) ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ እንግዳ 12 ሰዓት ላይ ይገባል፤ ዕቃ ተሸክፎ የሚወጣው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ይህ ሰባት ሰዓት ነው። ስድስትና ሰባት አሥራ ሦስት፣ በስድስት ሰው ሲባዛ 78 ሰዓት። ይህን ቁጥር ለጠሪው በትሕትና እነግረዋለሁ። አብዛኛው ሰው ክፋት ኖሮት ሳይሆን ልምምድ የሚባል ነገር መኖሩን ስለማያውቅ ነው «ብቻ» የሚለው።

ቀጥዬ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «በዚያ ምሽት ማን ማን ይከፈለዋል?» አዳራሹ፣ እራቱ፣ ሳውንድ ሲስተሙ፣ መብራቱ፣ ባነሩ፣ ዲኮሩ፣ ፎቶ አንሺው፣ ጄኔሬተሩ። ሁሉም ተዘርዝሮ ከጎኑ የሚከፈለው ገንዘብ ይጻፍልኝ እላለሁ። ሆቴሉ ዋጋውን ግማሽ ከቀነሰ ባንዱም ግማሽ ይቀንሳል፤ ሆቴሉ በነጻ ከሰጠ ባንዱም በነጻ ይሰጣል። ደቦ እንዲህ ነው የሚሠራው። በደቦ ማንም ደመወዝ አይቀበልም፤ ነገር ግን ሁሉም ነው የሚያርሰው፤ ባለቤቱም ምግብና ጠላውን ያዘጋጃል፤ ነገ ደግሞ በተራው የሌላውን እርሻ ያርሳል። አንዱ በሬ ጠምዶ ሌላው ቆሞ ሒሳብ የሚቀበልበት ነገር ደቦ አይባልም።

ሒሳቡ ሲዘረዘር የሚታየውን በምሳሌ ላሳይ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተያዙ ናቸው፤ የገበያ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የራሳችሁን አስገቡ። ምሽቱ ለሕፃናት መርጃ ነው እንበል። ሁለት መቶ ትኬት በ1,500 ብር ቢሸጥ 300,000 ብር ይገባል። እራትና አዳራሽ በሰው 900 ብር ቢሆን 180,000፤ ሳውንድና መብራት 40,000፤ ኅትመትና ልዩ ልዩ 15,000፤ ባንድ 60,000። ወጪው 295,000 ሆነ። ለሕፃናቱ የቀረው 5,000 ብር ነው። አዘጋጁ ይህን ሲያይ «ባንዱ በነጻ ይጫወትልን» ይላል፤ ያኔ ቀሪው 65,000 ይሆናል። ልብ በሉ፤ ከ65,000 ብሩ ውስጥ 60,000 የሙዚቀኞቹ ደመወዝ ነው። የምሽቱ ትልቁ ለጋሽ ባንዱ ነው ማለት ነው፤ በመድረክ ላይ የሚመሰገኑት ግን ገበታ የገዙት ድርጅቶች ናቸው። ሆቴሉ 180,000 ብሩን ይዞ ሄዷል።

እኔ በዚህ ጊዜ የማቀርበው ሐሳብ እራቱን መተው ነው። የትምህርት ቤት ወይም የወጣት ማዕከል አዳራሽ በ30,000፣ ቡና፣ ዳቦና ቆሎ በሰው 250 ብር ሒሳብ 50,000። ሳውንዱ፣ ኅትመቱና ባንዱ እንዳሉ ሆነው ወጪው 195,000 ይሆናል። እራት ስለቀረ ትኬቱን ወደ 1,200 ብንቀንሰው እንኳ 240,000 ይገባል፤ ባንዱ ሙሉ ተከፍሎት ለዓላማው 45,000 ይተርፋል። ሰው እራት ፍለጋ አይደለም የሚመጣው፤ ለጉዳዩና ለድምፃዊው ነው። ይህም ካልሆነ ደመወዙን ሳይሆን የሰውን ቁጥር እቀንሳለሁ። አንድ ድምፃዊ፣ አንድ ኪቦርድና አንድ ማሲንቆ ለሁለት መቶ ሰው አዳራሽ በቂ ናቸው፤ ሦስቱም ተከፍሏቸው ይሄዳሉ።

ድምፃዊና አጃቢ አንድ አይደሉም። ስሙ ፖስተር ላይ የሚወጣው ድምፃዊ በነጻ ቢዘፍን ቢያንስ ስም ያተርፋል፤ በማግስቱም ሌላ ሥራ ሊጠራበት ይችላል። ቤዝ ጊታር ለሚጫወተው «ትተዋወቅበታለህ» ማለት ባዶ ቃል ነው። ስሙን የሚጠራው የለም። ስለዚህ ድምፃዊው በነጻ፣ አጃቢው በክፍያ የሚለው አደረጃጀት ከሁሉም የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ባንዱ በነጻ እንዲሠራ ከተፈለገም እያንዳንዱን ለብቻው እጠይቃለሁ፤ በልምምድ ላይ ሁሉም ተሰብስቦ እያለ ፈጽሞ አልጠይቅም። አምስት ሰው «እሺ» ካለ ስድስተኛው የቤት ኪራይ ቢጎድልበትም «አልችልም» አይልም። «ለራስህ አስብበትና ነገ ደውልልኝ፤ ብትቀር ሌላ ሰው በክፍያ አስገባለሁ» ማለት ያስፈልጋል። ይህን የምለው ሌላም ምክንያት አለኝ። በአገራችን ሙዚቀኛ ሲታመም የሚታከመው አብዛኛውን ጊዜ በሙያ ጓደኞቹ መዋጮና በእርዳታ ኮንሰርት ነው። አብዛኛው አጃቢ የጡረታ ዋስትና የለውም። እድሜውን ሙሉ በነጻ ላጫወትነው ሰው በመጨረሻ የልመና መድረክ እናቆምለታለን፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ወረቀት ሳላይ አልንቀሳቀስም። ድርጅት ከሆነ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበበትን ምስክር ወረቀትና በድርጅቱ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ እጠይቃለሁ፤ በግለሰብ ስም ከሆነ አልጫወትም። ለአንድ ሕመምተኛ ከሆነ የሆስፒታሉን የሐኪሞች ቦርድ ደብዳቤና ቢያንስ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ጥምር ሒሳብ አያለሁ። ቅን ልብ ለወረቀት ምትክ አይሆንም። የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰንና ሕንዳዊው የሲታር ተጫዋች ራቪ ሻንካር እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1971 ኒውዮርክ ላይ ለባንግላዴሽ ስደተኞች ያዘጋጁት ኮንሰርት ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ነው። የበሩ ገቢ ወደ ዩኒሴፍ ሄደ፤ ከአልበሙ የተገኘው ብዙ ገንዘብ ግን ከግብር ነጻ የመሆን ማመልከቻ አስቀድሞ ስላልገባ በአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ለዓመታት ተያዘ። እነዚያን የሚያህሉ ሰዎች በነጻ ተጫውተው ገንዘቡ የቆመው በወረቀት ነው።

ቀኑም ዋጋ አለው። የጥር ቅዳሜና እሑድ የሰርግ ቀን ነው፤ አንድ ኪቦርዲስት የዓመት ቀለቡን የሚይዘው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። በዚያ ቅዳሜ በነጻ ጥራኝ ማለት አንድ ሰርግ ተወኝ ማለት ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከሆነ ግን ያው ሰው የሚያጣው ትንሽ ነው። በዐቢይ ጾም ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ብዙ ድምፃውያን በጾም አይዘፍኑም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። ስለዚህ ለነጻ ሥራ የምመክረው ሐምሌን ነው። ዝናብ ስለሚኖር አዳራሽ መሆን አለበት።

ከዚያ የአንድ ገጽ ስምምነት እጽፋለሁ። ነጻ ሥራ ስምምነት አይፈልግም የሚለው ትልቅ ስሕተት ነው። የሚከፈልበት ሥራ ሲበላሽ ቢያንስ ቀብድ ተይዟል፤ በነጻው ግን ከቃሉ በቀር የሚያዝ ነገር የለም። በገጹ ላይ የመግቢያ ሰዓት፣ የመድረክ ቆይታ (ለምሳሌ ሁለት ጊዜ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ)፣ የሰው ቁጥር፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ ሥራው ቢቀር ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚነገር ይሰፍራል። ትራንስፖርት በእጅ የሚሰጠው ሙዚቀኛው ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ድራም ይዞ ታክሲ ተራ የሚቆም ሰው የለምና። ምግብም ይጻፋል። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ የጾም ይኑር፤ በባንዱ ውስጥ ሙስሊም ካለም ሥጋው በማን እንደታረደ ይታወቅ። ለእንግዳ ቡፌ ተዘርግቶ ሙዚቀኛው በኩሽና በር ሳንድዊች የሚቀበልበት ምሽት ላይ ባንድ አላሰልፍም።

«ሆቴሉ ሳውንድ አለው» የሚለውን አትመኑ። ሆቴሉ ያለው ለስብሰባ የሚሆን ሁለት ስፒከርና ሁለት ማይክ ነው። ለስድስት ሰው ባንድ ድራም ብቻውን አራት ማይክ ይፈልጋል፤ ቤዝ አንድ መስመር፣ ኪቦርድ ሁለት፣ ጊታር አንድ፣ ሳክስፎን አንድ፣ ማሲንቆ አንድ፣ ለድምፅ ሦስት፤ ድምሩ 13 መስመር። ባለ 16 ቻናል ሚክሰርና ቢያንስ አራት ሞኒተር (መድረክ ላይ ያለው ሰው ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) ያስፈልጋል። ሞኒተር ከሌለ ድምፃዊው ራሱን ስለማይሰማ ከቅኝት ይወጣል፤ ማሲንቆው ደግሞ በድራሙ ይዋጣል። አዘጋጁ ለዚህ ገንዘብ ከሌለው ከላይ ያልኳቸውን ሦስት ሰዎች ማምጣት ይሻላል።

ብዙዎች የሚረሱት ሽልማትን ነው። የኛ ሰው ዘፈን ሲጥመው ተነስቶ ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። በእርዳታ ምሽት ያ ብር የማን ነው? አስቀድሞ ካልተወሰነ በየጊዜው ጠብ ይነሣል። ማሲንቆ ተጫዋቹ የሙያዬ ነው ይላል፤ አዘጋጁ ሕዝቡ የሰጠው ለሕፃናቱ ነው ይላል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ የማደርገው ከመድረኩ ፊት የተቆለፈ ሣጥን ማስቀመጥ ነው። የመድረክ መሪው በመጀመሪያው ዘፈን ላይ «ዛሬ ሽልማታችሁን ለሣጥኑ ስጡልን» ብሎ ያሳውቃል፤ ግንባር ላይ የተለጠፈውም ሕዝቡ እያየ ወደ ሣጥኑ ይገባል። ባንዱ በነጻ እየሠራ ከሆነና ሽልማቱ የእሱ እንዲሆን ከተስማማን ደግሞ ይህም በመድረክ ይነገራል።

ቀረጻውም እንዲሁ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ከዋኝ፣ ማለትም መድረክ ላይ ሥራውን የሚያቀርብ ሰው፣ ያልተቀረጸ ክዋኔው እንዲቀረጽም ሆነ እንዲሰራጭ የመፍቀድ መብት አለው። ለአዘጋጁ በነጻ መጫወት ማለት ምሽቱን መስጠት እንጂ ዩቲዩብ ላይ ሙሉውን መጫንን መፍቀድ አይደለም። በስምምነቱ ላይ «ከአንድ ዘፈን እስከ 60 ሴኮንድ ለማስታወቂያ» ብዬ እጽፋለሁ። ይህ ከሁሉ በላይ የሚነካው ኮሜዲያንን ነው። ዘፈን ሲደጋገም ይወደዳል፤ ቀልድ ግን አንዴ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ሌላ መድረክ ላይ አይሠራም። ወራት የፈጀበትን ሥራ በአንድ ነጻ ምሽት ያጣል። ኮሜዲያን ከጠራችሁ ስልክ ቀረጻ እንዳይኖር በመድረክ ይነገርለት።

ምሽቱን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ንግግር ነው። የክብር እንግዳ ይዘገያል፤ እሱ ሳይመጣ አይጀመርም፤ ከመጣም በኋላ አራት ሰው ይናገራል። ባንዱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል መድረክ ላይ ይወጣል ተብሎ 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ያኔ ግማሹ እንግዳ ሄዷል። ገንዘብ የሚሰጠውም አብሮ ሄዷል። መድኃኒቱ ባንዱን አስቀድሞ ሠላሳ ደቂቃ ማጫወት፣ ከዚያ አንድ ንግግር በአምስት ደቂቃ፣ ወዲያው የቃል መግባት ሥነ ሥርዓት፣ በመጨረሻ ታዋቂው ድምፃዊ ነው። በየጠረጴዛው የቴሌብርና የባንክ ሒሳቡ ኪውአር ኮድ ይቀመጥ፤ ቃል የገባም ስልኩን ጽፎ በሦስት ቀን ውስጥ ይደወልለት። ከሳምንት በኋላ የሚደወልለት ሰው ስሜቱ በርዷል።

ክፍያውን በተመለከተ ሁልጊዜ ሙሉ ዋጋ ያለው የዋጋ ማቅረቢያ እልካለሁ። በነጻ ከተስማማንም ከታች «60,000 ብር፤ ሙሉውን ባንዱ ለግሷል» ተብሎ ይጻፋል፤ በፖስተሩም ላይ ባንዱ ከስፖንሰሮቹ ጋር ይሰፍራል። ተከፍሎት መልሶ መስጠት የሚፈልግ ሙዚቀኛም አለ። እሱ የተቀበለው ገንዘብ ገቢ ሆኖ እንደሚቆጠርበት አስቀድሞ ይወቅ፤ የሰጠበትንም ደረሰኝ ይያዝ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በነጻ የሠራችሁት ሥራ ዋጋ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እንደማይቀነስ እወቁ። የሚቀነሰው ከኪሳችሁ የወጣው ወጪ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ለዚሁ ሥራ የነዳችሁት መኪና በማይል 14 ሴንት።

«አይሆንም» ማለትም አሠራር ይፈልጋል። በመስከረም ለዓመቱ አራት ነጻ ምሽት እመድባለሁ፤ በየሩብ ዓመቱ አንድ። ከዚያ በኋላ ለሚጠሩኝ የምለው አንድ ዓይነት ነው፦ «ዓላማችሁን አከብራለሁ። የዘንድሮ ነጻ ምሽቶቻችን ሞልተዋል። በቅናሽ ሦስት ሰው ልልክላችሁ እችላለሁ፤ ወይም ለመስከረም መዝግቤ ልያዛችሁ።» ይህ መልስ ማንንም አላስቀየመም፤ ምክንያቱም ለታላቅ ወንድምም ለማላውቀውም ሰው ያው ነው።

ከምሽቱ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ አዘጋጁ ለባንዱ አንድ ገጽ እንዲልክ በስምምነቱ ላይ ይሰፍራል። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ በቀረው ምን ተገዛ ወይም ምን ተከፈለ፣ የባንክ ገቢ ደረሰኙ ኮፒ። ገጹ ሲደርሰኝ ለስድስቱም በቴሌግራም እልከዋለሁ። ያልላከ አዘጋጅ በሚቀጥለው ዓመት ሲደውል የሚያገኘው ሙሉውን ዋጋና ቅድሚያ ክፍያ ነው።