የዋይት ሜታል ክፍል ከቀለም በፊት

ከሞዴል አውሮፕላን ሳጥን ውስጥ ፕላስቲኩ ተቆርጦ ሲያልቅ፣ በትንሽ ፌስታል የታሰሩ ግራጫ ብረቶች ይቀራሉ፤ የማረፊያ እግር፣ ፕሮፔለር፣ ሞተር፣ የአብራሪ ወንበር። ዋይት ሜታል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ቅይጡ ቆርቆሮ (የቤት ክዳኑን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው)፣ አንቲሞኒና ብዙ ጊዜም እርሳስ ነው። በምላጭ ይፋቃል፤ ሁለት ሦስቴ ወዲህና ወዲያ ካጠፉት ግን ይሰበራል።

እርሳሱን አስቀድሜ ልናገር። ክፍሉን ነጭ ወረቀት ላይ ሲጭሩት ግራጫ መስመር ከተወ እርሳስ አለበት ብላችሁ ያዙት። ባይተውም በደረቁ አትሞርዱ፤ ውሃ እያስነካችሁ ሥሩ። ብናኙ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በአፍ አይነፋም። ቡና በሚፈላበት፣ ልጅ በሚድህበት ምንጣፍ ላይ ይህ ሥራ አይሠራም።

ትልቁ ሥራ ስፌቱ ነው። ክፍሉ የሚፈስባቸው ሁለቱ የላስቲክ ቅርጾች ሲገጠሙ ቀልጦ የገባው ብረት በመሃላቸው ሾልኮ ቀጭን ጠርዝ ይተዋል። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ የኢትዮጵያ አየር ኃይል የነበረውን ፖቴዝ 25 ውሰዱ። 14.14 ሜትር የሆነው ክንፉ በ1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ባነሰ ልኬት) ወደ 196 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በዚህ ልኬት ግማሽ ሚሊ ሜትር የወጣች ስፌት በእውነተኛው አውሮፕላን እግር ላይ 36 ሚሊ ሜትር ማለት ናት። ሁለት ጣት የሚያህል ጠርዝ ያለው እግር የትኛው አውሮፕላን ላይ ታይቷል?

ብዙው ሰው ወደ ሞረድ ይሮጣል፤ እኔ ምላጭን አስቀድማለሁ። ምላጩን እንደ ቢላ ሳይሆን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ስፌቱ ላይ በቀስታ ጎትቱት። ብረቱ እንደ ፀጉር እየተጠቀለለ ይነሳል፤ ክቡም ክብ እንደሆነ ይቀራል። ሞረድ ግን ክቡን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ ጥርሱም ወዲያው ይደፈናል። የግድ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠመኔ እሹበት። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ፤ 400፣ 600፣ መጨረሻ 1000። ከ400 የሻከረ አታስጠጉ፣ ጭረቱ ከቀለም ሥር ይወጣል።

የተጣመመ እግር በጣት፣ ካልሆነም ጨርቅ በተጠቀለለበት ፒንሳ፣ ቀስ ተብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ይቃናል።

የፕላስቲክ ሙጫ ብረት አይዝም። ለጥቃቅኑ ሱፐር ግሉ ይበቃል፤ ክብደት ለሚሸከመው እግር ግን ኤፖክሲ (ሁለቱ ተቀላቅለው የሚደርቁት ሙጫ) እና እስፒል። በ0.7 ሚሊ ሜትር ፑንታ በእጅ እያዞራችሁ እግሩንም ክንፉንም ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብሱ፤ የተቆረጠ እስፒል አስገቡና ኤፖክሲ ሙሉበት። ፑንታው ጫፍ ላይ ጠብታ የሳሙና ውሃ ካልነካ ለስላሳው ብረት ነክሶ ይይዘውና እዚያው ይሰበራል። ከማጣበቃችሁ በፊት ሞተሩን ለጊዜው በማስቲሽ ለጥፋችሁ አውሮፕላኑን በጎማው አቁሙት፤ የብረት ሞተር ከብዶት በአፍንጫው ከተደፋ ጅራቱ ውስጥ ክብደት መጨመር የሚቻለው ያኔ ነው።

በሬዲዮ ጠጋኝ ካውያና በተለመደው ሊድ (መበየጃው ብረት) አትሞክሩት። ያ ሊድ የሚቀልጠው ወደ 190 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ካውያው ደግሞ ከዚያ እጅግ ይሞቃል፤ እግሩ ራሱ ጠብታ ይሆናል። ለዋይት ሜታል የሚሆነው በ70 ዲግሪ የሚቀልጠው ሊድ ነው። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ይህን ሊድ ለማቅለጥ ይተርፋል። ጠማማ የተበየደውን በፈላ ውሃ ማላቀቅ ይቻላል፤ ደህናውንም ለማጠብ ብላችሁ የፈላ ውሃ ካፈሰሳችሁበት ይበታተናል።

ቀለም የሚላጠው ባብዛኛው ብረቱ ላይ የቅርጹ ዱቄትና የእጅ ቅባት ስለቀረ ነው። በለብታ ውሃ፣ በሳሙናና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ እጠቡት፤ ከደረቀ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። የብረት ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ) በሁለት ስስ ዙር ይነፋል። እዚህ ላይ አገሩ ራሱ ይፈትናል፦ በሐምሌና በነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል ደሴ ላይ የተነፋ ፕራይመር ጭጋግ የያዘው መስታወት ይመስላል፣ ሱፐር ግሉም ዙሪያውን ነጭ ይረጫል፣ ኤፖክሲው ከብርዱ የተነሳ ይዘገያል። ኮምቦልቻ ቆላ ቢጤ ናትና እዚያ ይቀላል። ደሴ ያላችሁ አብሽሩ፤ ዝናብ እስኪያባራ ጠብቁ፣ የስፕሬይ ቆርቆሮውንም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ አኑሩት፤ ምድጃ አጠገብ ግን ፈጽሞ።

ብረቱ ቀለም እንዲይዝ በኮምጣጤ አጥቡት የሚል ምክር ይሰማል። እርሳስና ኮምጣጤ ሲገናኙ ነጭ ዱቄት ያበቅላሉ፣ ዱቄቱም መርዝ ነው። አዲስ እንጨት የሚያወጣው ጭስ መሳይ አሲድም ይህንኑ ያደርጋል፤ ስለዚህ ያለቀውን ሞዴል በደንብ ባልደረቀ የእንጨት ሳጥን ዘግታችሁ አታስቀምጡ።