ጭኑ የተራቆተው ሻምፒዮን

ሌሊት አባንኖ ትራስ የሚያስነክሰኝ ነገር የአንድ ካናሪ ወፍ ጭን ነው።

ጎረቤቴ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ወፍ ያረባሉ። ኅዳር ላይ ሬጆ ኤሚሊያ ከተማ የካናሪ ቁንጅና ውድድር ነበራቸውና «አንተ ንዳልኝ» አሉ። እሁድ፣ የእረፍት ቀኔ። ሽማግሌ እምቢ አይባልም፣ ነዳሁ።

መጀመሪያ ያየሁት የፓሪስ የሚሉትን የካናሪ ዝርያ ነው። ከ19 ሳንቲሜትር በላይ ይረዝማል። ደረቱ፣ ጀርባው፣ ጎኑ፣ ሁሉም ላባ ተጠቅልሎ የሠርጓ ዕለት ከፀጉር ቤት የወጣች ሙሽራ መስሏል። ጥፍሩ ሳይቀር ተጠማዟል። እሺ፣ ይሄ ውበት ነው።

ቀጥሎ ጂበር ኢታሊኩስ የሚሉት የጣሊያን ዝርያ። እጅ የምታክል ነገር። እግሩ ተገትሮ፣ አንገቱ ወደፊት ተሰብሮ፣ ቁጭ 7 ቁጥር። የደረቱ አጥንት በላባው መሀል ገጥጦ ይታያል። ጭኑማ! አንዲት ላባ የለችበትም። ቀይ፣ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ ጭን። አዳራሹ ውስጥ ስንት ሺህ ወፍ ይንጫጫል፣ ለእኔ ግን ከዚያ ጭን ሌላ ነገር የለም። ሻርፔን ፈትቼ ላለብሰው ምንም አልቀረኝም። ሱሪ የሚለምን ጭን ነው የምላችሁ።

አበሻ ደግሞ የራበው አይቶ አያልፍም። ከኪሴ ብስኩት ቆርሼ በሽቦው አሾለክሁና «ብላ፣ አይዞህ» አልኩት። አጠገቤ ለቆሙት ሴትዮም «ሐኪም አይቶታል?» አልኩ፣ በሐዘኔታ።

የሴትዮዋ ጩኸት! ወፉ የእሳቸው ነው። የአንደኝነት ወረቀቱም እዚያው ተለጥፏል። ዳኛ ሳይቀር መጥቶ አስረዳኝ፦ ጭኑ መራቆት አለበት፣ የደረት አጥንቱ መታየት አለበት፤ እዚያ ላባ ከበቀለ ነጥብ ይቀነሳል።

እናቴ ግን በቪዲዮ ስትደውል ከሰላምታ በፊት «ከሳህ» ነው የምትለኝ። አክስቴ ከጀርባዋ ሆና «ምን ነካው?» ትላለች። የእኔ አጥንት ሲገጥጥ ሱባኤ ይያዝልኛል፣ የሱ ሲገጥጥ ከ100 ነጥብ ይቆጠርለታል። አሁንም እላለሁ፣ ያ ወፍ ርቦታል።

ጎረቤቴ እስክንመለስ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔም አመሰገንኳቸው። ለካ ለሰፈሩ ቡና ቤት እያጠራቀሙት ነው። አሁን ማኪያቶ ባዘዝኩ ቁጥር አስተናጋጁ ብስኩት ቆርሶ ያቀርብልኛል፣ «ብላ፣ አይዞህ» እያለ፣ በአማርኛ። ሽማግሌው ናቸው ያስጠኑት። ሂሳቡ ላይ ግን የሚደምረው ሙሉ ብስኩት ነው።