ባዮፊልምን በአዌቱ ውሃና በጂቪ እንዴት እንዳስተማርኩ

ጅማ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባክቴሪያ ሲባል ተማሪዎቼ ቶሎ የሚመጣላቸው ውሃ ውስጥ ብቻውን የሚዋኝ አንድ ሴል ነው። በተፈጥሮ ግን አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ድንጋይ፣ ቧንቧ፣ ጥርስ ወይም የተክል ሥር ላይ ተጣብቀው፣ ራሳቸው ባመነጩት ልጋግ ተሸፍነው፣ ከሌሎች ዝርያዎች ጋር ተደባልቀው ነው። ባዮፊልም የሚባለው ይህ ነው። ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ ቀላል ነበር፤ እኔ ግን መጀመሪያ በዓይናቸው እንዲያዩት ፈለግኩ።

ከአዌቱ በባልዲ ውሃ ቀዳሁ። ወንዙ ከተማውን አቋርጦ ሲያልፍ ፍሳሹንም ቆሻሻውንም ይዞ ስለሚሄድ ጓንት አድርጌ ነው የያዝኩት፤ ተማሪ እንዲነካውም አልፈቀድኩም። የመስታወት ስላይዶችን በክር አንጠልጥዬ ውሃው ውስጥ ነከርኩና ባልዲውን ጥላ ቦታ አስቀመጥኩት። ፀሐይ ካገኘው አልጌ ይበዛና ባክቴሪያውን ለይቶ ማየት ያስቸግራል። ስላይዶቹን አንድ ላይ አላወጣኋቸውም፤ አንዳንዱን በማግሥቱ፣ አንዳንዱን ከቀናት በኋላ፣ የቀሩትን ከሳምንት በላይ አቆይቼ ነው።

ዋናው ሥራ ማለቅለቁ ላይ ነው። ስላይዱን በንጹህ ውሃ ቀስ ብሎ ሲያለቀልቁት የሚንሳፈፈው ታጥቦ ይሄዳል፣ የተጣበቀው ይቀራል። ከደረቀ በኋላ ነበልባል ላይ አለፍ አለፍ አድርጌ ቀለም ጨመርኩበት። ክሪስታል ቫዮሌት አልነበረንም፤ ነገር ግን ፋርማሲ ለአፍ ቁስል የሚሸጠው ጂቪ ያው ቀለም ነው። ጥቂት ጠብታ አንድ ደቂቃ ያህል አቆይቼ አጠብኩት።

በማግሥቱ የወጣው ስላይድ በ1000 እጥፍ ሲታይ እዚህም እዚያም የተበተኑ ወይን ጠጅ ነጥቦችና ዘንጎች ብቻ ነበሩበት። የቆየው ላይ ግን ሴሎቹ ተከማችተው፣ ክምሮቹ ተያይዘው፣ ዙሪያቸውን ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ጉም ከቧቸዋል። ጉም የመሰለው ልጋጉ ነው፤ ከስኳር ሰንሰለት፣ ከፕሮቲንና ከዲኤንኤ የተሠራ። በሕይወት ያለ ባዮፊልም ውስጥ ውሃና ምግብ የሚያልፉባቸው ቦዮችም አሉ፤ ሲደርቅ ስለሚሟሽሽ እነሱን በቃል ነው ያስረዳሁት። አንዲት ተማሪ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ «ቲቸር፣ ይሄማ ሰፈር ነው!» አለች። ከዚህ የተሻለ መግቢያ ከየት ይገኛል! አንዱ የጣለውን ሌላው እንደሚመገብ፣ በኬሚካል ምልክት እንደሚነጋገሩ፣ ቁጥራቸው ሲበዛ ጠባያቸውን እንደሚቀይሩ የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ትርጉሙን ደብተራቸው ላይ የጻፉትም መጨረሻ ላይ፣ በራሳቸው አማርኛ ነው።

ታሪኩንም ወደዱት። ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1683 ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ነጭ ነገር በሠራው ማይክሮስኮፕ ሲያይ ተንቀሳቃሽ ፍጥረታት አገኘ። ጥርሱን በኮምጣጤ ቢያጥብም የሞቱት ከላይ ያሉት ብቻ መሆናቸውን አስተዋለ፤ ኮምጣጤው ወደ ውስጥ አልዘለቀም። መፋቂያ ለምን እንደሚሠራ ለማስረዳት ይህ በቂ ነው፤ ሽፋኑን የሚያነሳው ፍተጋው ነው።

ከዚያ ወደ ሮቶ መሄድ ቀላል ሆነ። የቆየ ሮቶ ግድግዳው ውስጥ በኩል ሲዳሰስ ያሙለጨልጫል። በረኪና ብቻ ቢጨመርበት ክሎሪኑ ልጋጉ ላይ ይባክንና ሥር ያሉት ይተርፋሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አጥብቄ ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ በብሩሽ ፈትጎ ማጠብ፣ ቆሻሻውን መድፋት፣ ቀጥሎ በረኪናውን፣ በመጨረሻ በደንብ ማለቅለቅ። ለጀሪካንም ያው ነው፤ ብሩሽ ስለማይገባ ጠጠርና ውሃ ጨምሮ በኃይል መናጥ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ግን አስጨነቀኝ፦ ባዮፊልም ማለት ቆሻሻ ማለት መስሏቸው እንዳይቀሩ። ረግረግ ውስጥ የቄጠማውን ግንድና ሥር የሚሸፍነው ባዮፊልም ከፍሳሽ የሚመጣውን ብስባሽ እየሰባበረ ውሃውን ያጠራል። ቀጥሎ ስላይዶቹን ይዤ ወደ ቦዬ ረግረግ ለመሄድ አስቤያለሁ፤ ውሃው በሚገባበትና በሚወጣበት በኩል አንጠልጥዬ የሚያድገውን ጎን ለጎን እንዲያዩት።

መሞከር ለሚፈልግ መምህር፦ ሥራው ሲያልቅ ስላይዶቹን ከመታጠባቸው በፊት በረኪና ውስጥ ይዘፍዝፋቸው፤ የባልዲውንም ውሃ በረኪና ሳይጨምርበት አይድፋ።