ከጎሮ እስከ ለገዳዲ፦ ሰርቨርም ውሃ ይጠጣል

ለገዳዲ ግድብ መሄድ ለፈለገ አጭሩ መንገድ ከመገናኛ ተነስቶ በአያት፣ በጣፎ ማለፍ ነው። እኔ አውቄ ዞርኩ። ጠጪውን ሳላይ ማጀቱን አላይም ብዬ መጀመሪያ ጎሮ፣ አይሲቲ ፓርክ ወረድኩ።

ጠጪ ያልኳቸው ዳታ ሴንተሮቹን ነው፤ ሰርቨር የሚባሉት ትልልቅ ኮምፒውተሮች ተደርድረው የብዙ ድርጅቶችን መረጃ የሚይዙባቸው ሕንፃዎች። ራክሲዮና ዊንጉ የተባሉት ኩባንያዎች ማዕከላቸውን የከፈቱት እዚሁ ፓርክ ውስጥ ነው። ከውጭ ለሚያያቸው መጋዘን ይመስላሉ። አጥር፣ ጥበቃ፣ ጄኔሬተር፣ ብዙም የሚገባ የሚወጣ ሰው የለም። እኔም ከበሩ አላለፍኩም።

ነገሩ ግን ለማንም ግልጽ ነው። ሰርቨር ይሞቃል፣ የሞቀ ነገር መቀዝቀዝ አለበት። በብዙ አገር ለዚህ የሚመረጠው ውሃ ማትነን ነው፤ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል። የተነነው ውሃ ግን ወደ ቧንቧው አይመለስም። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2023 ዳታ ሴንተሮቹ 23 ቢሊዮን ሊትር ገደማ ውሃ እንደፈጁ ራሱ በሪፖርቱ ጽፏል።

የኛ አየር እዚህ ላይ ያግዛል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የውጭውን ቀዝቃዛ አየር በማስገባት ብቻ ብዙ ሥራ መሥራት ይቻላል። ማይክሮሶፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ለአዳዲስ ዳታ ሴንተሮቹ ውሃ የማያተን ንድፍ ይዟል። ውሃው አንዴ ይሞላል፣ ከዚያ በዝግ መስመር ይዞራል። እና ነገ ጎሮ ላይ የሚገነባ ኩባንያ "ውሃ ካላተነንኩ አይሆንልኝም" ቢለኝ አልሰማውም።

ከጎሮ ወደ አያት በሚኒባስ። ከአያት ወደ ጣፎ ሌላ ታክሲ። ረዳቱ መልስ ረስቶ እኔም ረሳሁ። በግራ በኩል ወደ እንጦጦ የሚያያዘው ተራራ ይታያል፣ እኔም ስለ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ቃል ኪዳን እያሰብኩ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2020፣ ጎግልና ሜታ በ2021፣ የአማዞን ክላውድ ክፍል በ2022፣ ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ "እስከ 2030 ከምንወስደው በላይ ውሃ እንመልሳለን" ብለዋል። ጎግልማ ቃል የገባው የሚፈጀውን 120 በመቶ ለመመለስ ነው። ጥሩ ነው። የት ነው የሚመልሱት?

ጥያቄዬ ተንኮል የለበትም። ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ላይ የዘነበ ዝናብ ወደ አባይ ይወርዳል። ከፊት በኩል የዘነበው በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል። አንድ ተራራ ነው፣ ውሃው ግን አይገናኝም። ሱሉልታ ላይ ችግኝ ተክዬ ለጎሮ ውሃ ካስኩ ብል ማን ያምነኛል? ከአዋሽ ተፋሰስ የወሰደ እዚያው አዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ይተካ።

ጣፎን አልፈን ከመንገዱ ዳር አንድ የቧንቧ ጉድጓድ ሞልቶ ይፈሳል። ክዳኑ ተሰንጥቋል። ውሃው በስንጥቁ እየተንፎለፎለ ይወጣና አስፋልቱን ተከትሎ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ሁለት አህዮች ይጠጣሉ። አንድ የባጃጅ ሹፌር በሀይላንድ እየቀዳ ባጃጁን ያጥባል። ከፈነዳ ቆየ ወይ አልኩት።

"ቆየ እንጂ! ደሞ እንዳታስጠግንብን ብራዘር፣ የት ልንታጠብ ነው?"

ሁለታችንም ሳቅን። ወዲያው ግን ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ እንደሆነ ነገረኝ። እናቱ ሌሊት ተነስታ ነው ሮቶ የምትሞላው።

ለእኔ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ለውሃ ዋናውን ሥራ የሚሠራው እዚህ ጉድጓድ ላይ ነው። የሚያፈስ ቧንቧ ይጮኻል። ድምፁ በብረቱ ውስጥ ይሄዳል። መስመሩ ላይ ሁለት ቦታ ማድመጫ ሴንሰር ይቀመጥና ድምፁ የትኛው ጋ ቀድሞ እንደደረሰ፣ በስንት ሽርፍራፊ ሰከንድ እንደቀደመ ይለካል። ከዚያ የፈሰሰበት ቦታ በሂሳብ ይገኛል። አስፋልት በግምት መቆፈር ቀረ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ለንደን ላይ ፋይዶ ቴክ ከሚባል ድርጅት ጋር የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ድምፁን የሚለየው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። የፕላስቲክ ቱቦ ግን ድምፅ ያፍናል። እዚያ ላይ ሴንሰሮቹን ማቀራረብ ግድ ነው።

ሌላም ዘዴ አለ። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ሰው ሲተኛ ወደ ሰፈሩ የሚገባውን ውሃ መለካት። ሁሉም ተኝቶ ቆጣሪው ከዞረ ውሃው እየፈሰሰ ነው። የባጃጁ ልጅ እናት ግን በዚያ ሰዓት አትተኛም! በፈረቃ በሚኖር ከተማ ሌሊት ማለት ሮቶ መሙያ ሰዓት ነው። ሶፍትዌሩን ውጭ አገር ገዝቶ የሚያመጣ ሰው ይህን ካላወቀ የእናቶችን ሮቶ ሁሉ ፍሳሽ ብሎ ይመዘግባል። ይህን የሚያስተካክሉት እዚህ የሚኖሩ፣ ፈረቃ የሚጠብቁ ፕሮግራመሮች ናቸው። ጎሮ ላይ ሥራ ለሚፈልግ ስታርትአፕ ይኸው ሥራ።

ለገዳዲ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ነው የተጠናቀቀው። ገፈርሳ ይቀድመዋል፤ ጎረቤቱ ድሬ በ1999 ተከተለ። የአቃቂ ጉድጓዶች ሲጨመሩ ከተማዋ በዋናነት የምትጠጣው ከነዚህ ነው። ግድቡ ይጠበቃል፣ እኔም ከሩቅ ነው ያየሁት። ውሃው ሰማያዊ አይደለም፣ ሻይ በወተት ነው። ከእርሻው በላይ አንድ አዛውንት አገኘሁ። ደህና ዋሉ አባባ ብዬ ስለ አፈሩ ጠየቅኳቸው። በዱላቸው ቦረቦሩን አሳዩኝ፤ እስከ ደረቴ ይደርሳል።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ማሳ ነበር። አሁን እዚያ ታች ነው ያለው" አሉኝ፣ ወደ ግድቡ እያመለከቱ።

ስልኬን አውጥቼ የአውሮፓ ኮሚሽን ተመራማሪዎች ከጎግል ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡትን የዓለም የውሃ ካርታ ከፈትኩ። ከ1984 ጀምሮ የተነሱ ሦስት ሚሊዮን ገደማ የሳተላይት ምስሎች ተገጣጥመው የተሠራ ነው፤ በነፃ ይታያል። ውሃው የማይለየው ቦታ ሰማያዊ ነው፤ የሚመጣና የሚሄድበት ወደ ሮዝ ያደላል። ለአዛውንቱ አሳየኋቸው። ስልኩን ጠጋ ብለው አዩና "ደለሉስ የታል?" አሉ።

ደለሉ የለም። ሳተላይቱ የሚያየው የውሃውን ፊት ነው፣ ከሥር ስንት ሜትር ጭቃ እንደተኛ በዚህ ካርታ አይታወቅም። ለዚያ ጀልባ ላይ ወጥቶ በድምፅ ሞገድ ጥልቀቱን መለካት ያስፈልጋል። ውሃ ለመተካት ቃል የገባ ኩባንያ ሁሉ ለአዛውንቱ ማሳ እርከን የሚሆን ገንዘብ ቢያወጣ ደግሞ ቃሉን እዚሁ ተፋሰስ ውስጥ፣ በዓይን በሚታይ ቦታ ጠበቀ ማለት ነው።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከጣፎ የሰንዳፋ ታክሲ ያዙና ለገዳዲ ውረዱ። ክረምት ከሆነ ቦት ጫማ አድርጉ። ግድቡ አጠገብ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን ጠይቁ። መመለሻውን አታምሹ፤ ወደ ማታ ታክሲ ይጠፋል።