የፎቶው ጥግ

ፒያሳንና አካባቢዋን ፎቶ ማንሳት ስጀምር ምኞቴ ሐውልቶችንና ታሪካዊ ሕንፃዎችን «ንጹሕ አድርጎ» ማውጣት ነበር። ንጹሕ ስል ሰው የማይታይበት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የማያቋርጠው፣ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ አፍንጫውን ያላስገባበት ማለቴ ነው። ለዚህ ብዬ እሑድ እሑድ ገና ሳይነጋ ከቤት እወጣና ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ቆሜ ፀሐይ እስክትወጣ እጠብቅ ነበር። እሑድ ማለዳ፣ ያውም ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት፣ ሰው የሌለበት ፎቶ መመኘት የዋህነት መሆኑን ለመረዳት ወራት ፈጅቶብኛል፤ ነጠላ የለበሰው ምእመን ከየአቅጣጫው እየጎረፈ ያልፋል።

የምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተነቅሎ የተቀበረ፣ ከድል በኋላም ወደ ቦታው የተመለሰ ነው። ለካሜራ ግን አስቸጋሪ ነው። ነሐሱ ጠቆር ያለ፣ ከጀርባው ያለው ሰማይ ደግሞ ደማቅ ስለሆነ፣ ካሜራው በራሱ እንዲወስን ከተተወ በሰማዩ ተታሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፈረሱም ንጉሡም ጥቁር ጥላ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ሰማዩ ቢነጣም ችሎ የብርሃኑን መጠን በእጅ ከፍ ማድረግ፣ አለዚያም ደመናማ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። እኔ የሐምሌን ደመና እመርጣለሁ፤ ብርሃኑ ለስላሳ በመሆኑ የፈረሱ የደረት ጡንቻ ሳይቀር ተለይቶ ይታያል፤ ዣንጥላ የሚይዝ ጓደኛ ማግኘት ግን ግድ ነው።

ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ወደ ለገሃር ቁልቁል የሚወርደው የቸርችል ጎዳና ጠባዩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በመሆኑም ወደ ለገሃር የዞረው የማዘጋጃ ቤቱ ፊት በታኅሣሥ ቦግ ብሎ ይበራል፤ በሰኔ ቀትር ግን ጥላ ውስጥ ይገባል። ይህን ሳላውቅ ሁለት የሰኔ ወር ሙሉ ሕንፃውን በከንቱ ሳነሣ ከርሜአለሁ። ከታች ሆኖ በረጅም ሌንስ ሽቅብ ለሚመለከት ደግሞ ዳገቱ ይሰበሰብና መኪናው፣ ዛፉና ሕንፃው አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ የተደራረበ ይመስላል።

ወደ ለገሃር የምወርደው ሲመሽ ነው። ሮም ድረስ ተግዞ የተመለሰውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ብዙ ጊዜ አንሥቼዋለሁ፤ አሁን አሁን ግን የሚይዘኝ የታክሲው ሰልፍ ነው። ካሜራውን በመቆሚያ አስሮ፣ መዝጊያውን ለአንድ አራተኛ ሰከንድ ያህል ከፍቶ ማንሳት ነው፦ ከሥራ የወጣው ሕዝብ ደክሞት ዝም ብሎ ስለሚቆም ፊቱ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ሚኒባሱ የሰማያዊ ጭረት ይሆናል፤ በመስኮት የወጣው የረዳቱ እጅ ጭስ ይመስላል። ምሽቱ እዚህ ቶሎ ስለሚጨልም ለዚህ የሚመቸው ብርሃን ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይዘልቅም።

ችግር የለም ማለት አይደለም። አንድ ቀን ከአንድ ረጅም አጥር ፊት ለፊት ቆሜ የጃካራንዳ አበባ ሳነሣ የጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ የቀኑን ፎቶ በሙሉ አስጠፍቶኛል። አበባ ነው ብዬ ባሳየውም «አጥሩም ገብቷል» አለኝ፤ እውነቱን ነበር፣ ጥግ ላይ ገብቷል።

በ2015 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ፣ የእንጨት ሰገነት ካላቸው አሮጌ ቤቶች በአንዱ በረንዳ ላይ ቡና የሚያፈሉ እናት ነበሩ። አንገቱ በሽቦ የታሰረ ጀበናቸውና በከሰሉ ብርሃን የቀላው እጃቸው ዓይኔን ስለያዘው «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ቡናህን ጠጣ፤ ፎቶው የት ይሄድብሃል?» አሉኝ። ጠጣሁ፤ ጨዋታም ያዝን፤ ሲኒውን ሳስቀምጥ ብርሃኑ ሄዷል። ሌላ ቀን እመጣለሁ ብዬ ተሰናበትኋቸው።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት አካባቢው ሲፈርስ ያ ቤት አብሮ ሄደ። የቀድሞ ፎቶዎቼን ከፍቼ ደጋግሜ ፈለግሁ። ያን ሰገነት ሰው ሳይገባበት ለማንሳት ስደክም የኖርኩባቸው ወደ አርባ የሚጠጉ ፎቶዎች አሉኝ፤ ሁሉም ቀጥ ያሉ፣ ሁሉም ባዶ ናቸው። በአንዱ ብቻ፣ ቆርጬ ላወጣው አስቤ በረሳሁት የግራ ጥግ፣ የአንድ ዱካ ግማሽ፣ የረከቦት ጠርዝና ሲኒ የያዘ እጅ ገብቷል።